ልጄ ቀምሶ የሰጠኝ ወይን

የወይን አገር ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ ኢየሩሳሌም የተሳለምኩ ይመስል ከመቀመጫው ይነሣልኛል። እንዴት ያለ አገር ነው ይሉኛል። እንዴት ያለ መሰላችሁ፤ ጭድ የሌለበት አገር ነው። ነገሩ በዚህ ቃል ያልቅ ነበር፤ ግን ሰው በአንድ ቃል አይጠግብምና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። አምስት ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ሉማሜ ነው፣ አንዷ ደብረ ማርቆስ ናት፣ ሌሎቹም ሌላ ሌላ ቦታ ናቸው። የአንዷ ምራቴ ፊት ከመጥቆሩ በፊት ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሌላዋ ቤት እሻገራለሁ። በመሃል ንግሥ ካለ መንገዴን አጣምሜ ሄጄ፣ ተሳልሜ፣ ከሰው ቤት አድሬ አልፋለሁ። ይቺ ሴት ዕረፍት የላትም ይሉኛል። ዕረፍትማ ወደፊት ብዙ አለ።

ወደ ወይን አገር የወሰደኝ ትንሹ ልጄ ነው። እሱ ደብረ ኤልያስ አጠገብ የአባቱን መሬት ያርሳል። መሬቱ ሦስት ቦታ ነው። ሁለቱ ተዳፋትና ጭንጫ ናቸው፤ አንዱ ግን ወንዝ ዳር ያለ ጥቁር ሜዳ ነው፤ የሰጡትን ሁሉ የሚመልስ። ልጄና ሚስቱ አራት ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚያ ሜዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባለቤቴ ሲሞት የመሬቱ ደብተር በእኔ ስም ዞረ። ስለዚህ ልጄ ያርሳል፣ እኔ እዞራለሁ፣ ደብተሩ ደግሞ እሱ ቤት ባለው ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎበት ይተኛል።

ባለፈው ጥምቀት ማግሥት ልጄ ደብረ ማርቆስ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አንድ ባለ ወይን አግኝቶ አነጋግሮታል። ሰውዬው ከይጁቤ ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር ወይን ተክሎ ቀይ የወይን ጠጅ የሚያወጣ ነው፤ የዚያ አገር ቀይ ወይን ስሙ አዲስ አበባ ድረስ ወጥቷል አሉ። አሁን ደግሞ በየወረዳው ገበሬ እየፈለገ ነው። ገበሬው ደህናውን መሬቱን ይሰጣል፣ ባለ ወይኑ ችግኝ ይሰጣል፣ ፍሬው ሲደርስ ይረከባል። ፍሬው መቼ ይደርሳል ብዬ ልጄን ጠየቅሁት። በሦስት ዓመት አለኝ። እስከዚያስ አልኩት። እስከዚያ እንታገሣለን አለኝ። ከኋላው ትንሿ ልጁ ቆማ ቂጣ ታኝካለች፤ እሷን አየት አደረግሁ።

ደህናው መሬት ሲባል ወንዝ ዳሩ ነው። በውሉ ወረቀት ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው ደግሞ ደብተሩ በስሙ የሆነው ሰው ነው። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ የእኔን ጣት ሲያስብ እንዳደረ ጠዋት ከፊቱ አነበብኩ።

እኔ ለልጆቼ እምቢ ማለት አልችልበትም። እስቲ አሳየኝ፣ ዐይቼ እፈርማለሁ አልኩት። መንገድ ከተባለ ደግሞ እኔ መቼ ወደኋላ ብዬ አውቃለሁ።

በማለዳ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ወደ ይጁቤ በመኪና ሄድን፤ ከይጁቤ ደግሞ በባጃጅ ቁልቁል ወረድን። ልጄ መንገዱን ሁሉ ሰበከኝ። ይህ አገራችን ወይና ደጋ የተባለው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ፣ ጥንት የወይን አገር ስለነበረ እኮ ነው አለኝ። ባለ ወይኑ ነው እንዲህ ያስጠናው። በስም ከሆነማ፣ ጎረቤታችን የነበረው ሰውዬ ስሙ ውስጥ ሀብት የሚል ቃል ነበረበት፤ ሲሞት መገነዣውን ያዋጣነው እኛ ነን። ይህንን ስለው ባጃጅ ነጂው ሳቀ፤ ልጄ ግን አልሳቀም።

ደረስን። አጥር አለ፣ በር አለ፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ከበሩ በላይ የወይን ዘለላ የተሳለበት ትልቅ ሰሌዳ አለ። ዘለላው ላይ ያሉት ፍሬዎች የዶሮ እንቁላል ያህላሉ። ውስጥ ገብተን እውነተኛውን ሳየው ከሽምብራ ብዙም አይበልጥም። የሚሳል ነገር ሁሉ እንዲህ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ስድስት ጎብኚዎች ቀድመውን ደርሰዋል፤ ጥቁር መነጽርና ሰፋፊ ባርኔጣ ያደረጉ ወጣቶች ናቸው። ባለ ወይኑ ከእነሱ ጋር ቀላቀለን። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቃሉ እንደ ማር የሚፈስ ሰው ነው፤ የዚያው አገር ልጅ ነኝ አለን። እኔን እማማ እያለ ክንዴን ይዞ እንደ ሙሽራ አዞረኝ።

ወይኑ በሽቦ ላይ ተሰጥቷል። ሌላ ቃል የለኝም፤ ልክ እንደ ልብስ፣ መስመር በመስመር፣ ክንዱን ዘርግቶ ታስሯል። ወፍ እንዳይበላው ከላዩ መረብ ለብሷል። በየመስመሩ ጫፍ ጽጌረዳ ተተክሏል። ጽጌረዳው ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ በሽታ ሲመጣ ቀድሞ እሱን ስለሚይዘው ምልክት ይሆናል አለኝ። ከሚጠቅመው ተክል ፊት የሚታመም ተክል የሚተከልበት እርሻ በዕድሜዬ አላየሁም ነበርና ይህን ማየቴም አንድ ነገር ነው። ጎብኚዎቹ ጽጌረዳውን ፎቶ አነሡት።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ዐይኔን ወዲህ ወዲያ ብል አላገኘሁትም። በመጨረሻ ጭዱ የት ነው አልኩት።

ባለ ወይኑ የቱ ጭድ አለኝ። ይህ ሁሉ መሬት ታርሶ፣ ታጭዶ፣ ለበሬው የሚወጣው ጭድ የታለ ማለቴ ነበር። ጤፍ እኮ ፍሬውን ለሰው፣ ጭዱን ለከብት ይሰጣል፤ ጭዱ ደግሞ ከጭቃ ተቦክቶ ቤት ይሆናል። ይኸኛው ለበሬ ምን ይሰጣል? ባለ ወይኑ ፈገግ አለና ወይን በሬ አያስፈልገውም አለኝ። ቅጠሉ ግን በውጭ አገር ሩዝ ተጠቅልሎበት ይበላል ብሎ ጨመረልኝ። እንግዲህ የልጄ በሬዎች ሩዙ እስኪመጣ ይጠብቁ።

ልጄን ዐየት አደረግሁት። እሱ የወይኑን ግንድ እንደ በሬ ትከሻ ይደባብሳል።

ከዚያ ወደ ማስቀመጫው ቤት ወሰዱን። ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ የድንጋይ ቤት ነው፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ባለ ወይኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እዚህ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ድምፅና ብርሃን አይወድም አለ። ጎብኚዎቹም በሹክሹክታ ሆኑ። እኔ ደግሞ ወይን የማውቀው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ዘቢቡን ዲያቆኑ ቤተ ልሔም ገብቶ ያዘጋጀዋል፤ ሴት እዚያ አትገባም። በኋላ በቅዳሴ ሰዓት በዕርፈ መስቀል አፋችን ውስጥ ያደርግልናል። ከዚያ ወዲያ ወይን የሚባል ነገር አፌ ዞሮ አያውቅም። እንግዲህ ጨለማውን ሳይ፣ ሹክሹክታውን ስሰማ፣ እግሬ ራሱ ዐወቀና ጫማዬን አውልቄ ከበሩ ውጭ ቆምኩ።

አንዷ ጎብኚ ምነው እማማ ጫማዎን አወለቁ አለችኝ። ሴትስ መግባት ይፈቀዳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቁ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ጫማዬን ፎቶ አነሣ። የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው፤ አንዱ ተረከዙ ላይ በሽቦ ተሰፍቷል። የልጄ ጆሮ ቀላ።

ገባሁ። ትልልቅ በርሜሎች ተጋድመዋል። በመጀመሪያው በርሜል ላይ አንዲት ድመት ጅራቷን አጥፋ ተኝታለች። ለድመት የተፈቀደውን ነው እንግዲህ እኔ ለራሴ የከለከልኩት።

ከዚያ ወጥተን ዳስ ጥላ ሥር አስቀመጡን። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ተደርድሯል፤ እግሩ እንደ ሽመላ የቀጠነ፣ ሰው ሲይዘው የሚሰበር የሚመስለው። ከብርጭቆዎቹ ጎን ያ የውል ወረቀትና የጣት ቀለም ተቀምጠዋል። ለካ ባለ ወይኑ የሚረሳ ሰው አይደለም።

አንዲት ልጅ ቀይ ወይን ቀዳች፤ ብርጭቆውን የምትሞላው እሩብ ብቻ ነው። በእኛ አገር እንዲህ የሚቀዳ ሰው ሰርግ አይጠራም። ጎብኚዎቹ ብርጭቆውን እንደ እንዝርት ማሽከርከር ጀመሩ። ከዚያ አፍንጫቸውን ከተቱበት። አንዱ የእንጆሪ ጠረን አለው አለ። ሌላው አዎ፣ ደግሞ የቆዳ ጠረን አለው አለ፤ ባለ ወይኑ ደስ ብሎት በደንብ ዐወቅኸው አለው። የቆዳ ጠረን! እኛ አዲስ ስልቻ ስንገዛ ያ ጠረን እስኪለቀው እህል አንከትበትም፤ እነዚህ ከፍለው ይጠጡታል። አንዷማ አፏ ውስጥ አንገላታችውና አጠገቧ ወዳለው ባልዲ ተፋችው። ታማ መስሎኝ ልነሣላት ስል፣ ደህና ናት፣ ልማዱ ነው አሉኝ።

የእኔም ብርጭቆ እጄ ውስጥ ነው። አልጠጣሁም።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ጠላም ይሁን ጠጅ፣ የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ ጥቂት መዳፉ ላይ ያንቆረቁርና ራሱ ይቀምሳል። ሰው መርዝ ፈርቶ ነው ይላል፤ መርዙ ድሮ ነበር። ዋናው ነገር ሌላ ነው። ይህን መጠጥ ዐውቀዋለሁ፣ ክፉ ከሆነ ከእኔ ይጀምር ማለት ነው። የቀመሰ ሰው ዋስ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ያልተቀመሰለት እንግዳ አይቆጣም፣ አይናገርም፤ መጠጡን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔም ይዤ ጠበቅሁ።

ባለ ወይኑ ዐየኝና ምነው እማማ፣ አልወደዱትም እንዴ አለኝ።

«ኧረ ገና አፌ አልደረሰም ልጄ። አንተ ቅመስልኝና እጠጣለሁ» አልኩት።

የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የጠየቅሁት ነገር ገብቶታል። ፈገግታው ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ጨጓራውን በእጁ ዳበሰና፦

«እኔ እንኳ አልጠጣም እማማ። ሐኪም ከልክሎኛል» አለኝ።

አላዘንኩበትም፤ ጨጓራ ክፉ ነው። ግን እስቲ ፍረዱ፤ ጠጅ የጣለች ሴት ጠጄን አልቀምስም ብትል ማን ቤቷ ይገባል? ባለ ወይኑ ቀጂዋን ልጅ ዐያት፤ እሷ ዐይኗን ጠርሙሱ ላይ ተከለች። ዘበኛውን ጠራው፤ ዘበኛው ከሩቅ ሥራ ላይ ነኝ ጌታዬ ብሎ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ለነገሩ ስንመጣ ከበሩ ጥግ አንድ ጣሳ ጠላ አስቀምጦ ዐይቼዋለሁ። ወይን አገር ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል፤ ብልህ ሰው ነው።

ጎብኚዎቹ ብርጭቆ ማሽከርከሩን ተዉት። እኔ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ነኝ፤ ማንንም ለማሳፈር አልነበረም፤ ግን እንዲያ ካለ ቦታ በምን ይወጣል? ይህን ጊዜ ልጄ ተነሣ። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለኝ፤ መዳፉ ላይ አንቆረቆረ፤ በዚያ የእርፍ እንጨት ባደነደነው መዳፉ ላይ ቀይ ሆኖ ታየኝ። ቀመሰው። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰልኝና ዐይን ዐይኔን እያየ፦

«ጥሩ ነው እማ። ጠጪ» አለኝ።

ይህን ልጅ እኔ ነኝ የወለድኩት። ሲዋሽ ዐይኑን አይሰብርም፤ እውነት ሲናገር ነው መሬት መሬት የሚያየው። ከልጅነቱ እንዲህ ነው።

ጠጣሁት። አንጠፍጥፌ ጠጣሁት። ምን ልበላችሁ፤ ያልበሰለ ሾላ የበላ ሰው አፉ እንደሚታሰረው አፌ ታሰረ። ይኮመጥጣል፤ ከኮምጣጣው ሥር ደግሞ ይመራል፤ የጌሾ ምሬት ነው እንዳልል ጌሾ ውስጥ ደስታ አለው። እንጆሪውን ፈለግሁት፤ የለም። ቆዳው አለ። ይህ ነው እንግዲህ ስሙ አዲስ አበባ የደረሰው። ብርጭቆውን አስቀምጬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

ባለ ወይኑ ደስ አለው፤ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። ደብተሩ ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ጣቴም ከደብተሩ ፊት ነው የሚያርፈው አልኩት። ወረቀቱን ልጄ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በባጃጅ ወደ ይጁቤ ተመለስን። መኪና እስኪሞላ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻዬን ሁለቴ ስኳር ጨምሬበት ጠጣሁ፤ ምላሴ አሁንም አልተፈታም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እስካሁን እየናቅሁ የመጣሁት ወይኑን ነው፤ ሽቦውን፣ ባልዲውን፣ አፍንጫ ብርጭቆ ውስጥ የሚከቱትን። ልጄን አልንቅም። ሦስት ቁራጭ መሬት ለአራት ልጅ እንደማይበቃ ሌሊት እየተነሣ የሚቆጥር እሱ ነው። አባቱ ያረሰውን አባቱ እንዳረሰው ከማረስ ሌላ አንድ የራሱ ነገር እንዲኖረው ፈለገ፤ ይህ ምን ነውር አለው? እኔ ራሴስ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችል ብዬ አይደል የምዞረው።

ግን ቀምሶ ዋሸኝ። ይህ ሆዴ ውስጥ ከወይኑ በላይ ኮመጠጠ።

ልጄ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየና፦

«እማ» አለኝ።

«ወይ።»

«ያ ነገር ጥሩ አልነበረም።»

«የቱ?»

«ቀምሼ የሰጠሁሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለምን ጨረስሽው?»

«ቀምሰህ ሰጠኸኛ። ልጄ ዋስ የሆነበትን ሰው ፊት ላፍስሰው?»

በሻይ ቤቱ በር ፊት ሁለት ተማሪዎች አኮፋዳቸውን አንግተው ያልፋሉ፤ እነሱን እያየ ቆየ። እኔም አልቸኮልኩም። ወረቀቱ በሸሚዙ ኪስ በኩል ጫፉ ይታያል።

ከዚያ እንዲህ አልኩት፤ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ደብተሩ በስሜ ይሁን እንጂ የሚያርሰው እሱ ነው፤ እኔ ነገ አልኖርም። አድርጊ ካለኝ ዛሬ ማታ ሳጥኔን ከፍቼ ጣቴን አሳርፋለሁ፣ ሁለተኛም አላነሣበትም። «ብቻ እንደዚያ ዐይኔን እያየህ አትንገረኝ» አልኩት።

ልጄ መሬት መሬት ዐየ። የሻይ ቤቱ ወለል ላይ የተጣለ የሎሚ ልጣጭ አለ፤ እሱን በጫማው ጫፍ ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ።

«አታድርጊ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቹ ነገረኝ፤ ሦስት ዓመት ምን እንደሚያበላቸው አንድ ቀን እንኳ ለሚስቱ መልስ እንዳልሰጣት ነገረኝ። ባለ ወይኑን ሲሰማ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስለው እንደነበር፣ ሰውዬው ጨጓራውን ሲዳብስ ግን መጠራጠር እንደጀመረ ነገረኝ። ታዲያ ለምን ቀመስክ አላልኩትም። ሰው ፊት ብርጭቆ ይዤ ስቀመጥ እናቱን ብቻዋን እንዳይተዋት ነው። አንድም ነገሩ እውነት እንዲሆንለት በጣም ስለፈለገ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ሰው ልብ ውስጥ ይኖራሉ።

ስልኩ ጠራ። ባለ ወይኑ ነው። ጥሩ ነጋዴ ነው፣ ቶሎ ይደውላል። የሚለው አይሰማኝም፤ የልጄን ብቻ ነው የሰማሁት። እዚህ ላይ ልቤ ፈራ። ምክንያቱም ቀላሉ መንገድ የታወቀ ነው፤ እናቴ እምቢ አለች፣ አሮጊት ናት፣ ደብተሩ በእሷ ስም ነው፣ ምን ላድርግ ይባላል። እንዲህ ቢልም አልፈርድበትም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የልጆቼ ምክንያት ሆኜ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቢጨመር ምንም አይደለም።

ልጄ ግን «አይ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ የተውኩት» አለ።

ሰውዬው ብዙ ተናገረ። ሽማግሌዎች አዲስ ነገር አይወዱም ሳይል አልቀረም፤ ምክንያቱም ልጄ በመሃል አቋረጠውና፦

«እናቴማ ጨርሳ ጠጥታለች። ያልጠጣነው እኔና አንተ ነን» አለው።

ስልኩን ዘጋ። ወረቀቱን አውጥቶ አልቀደደውም፤ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም። አራት ቦታ አጥፎ ለሻይ ቤቷ ባለቤት እሳት መለኰሻ ይሁንሽ ብሎ ሰጣት፤ እሷም ተቀብላ ከከሰሉ ጎን ሻጠችው።

የደብረ ማርቆስ መኪና ረዳት መጣራት ጀመረ። ልጄ የእኔን ከረጢት አንሥቶ ከፊት ከፊቴ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና ወንዝ ዳሩን ዘንድሮ ጤፍ ላድርገው ወይስ ስንዴ አለኝ። እኔ ገበሬ አይደለሁም፣ የምታርሰው አንተ ነህ አልኩት። እንደዚያም ሆኖ መኪናው እስኪነሣ ድረስ ጤፍ ይሻላል፣ አይ ስንዴ ይሻላል ስንባባል ቆየን። በኋላ ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ቄስ ሰልችቷቸው ዞር አሉና ባቄላ ዝሩበት አሉን።